ከአርግ የሚያስወጣ በር፦ የአፍጋኒስታን መሪዎች ሥልጣን ያዙ እንጂ እንዴት ለቀቁ?

ማርች 9 ቀን 2020 ካቡል ውስጥ ሁለት ሰዎች ለአንድ ወንበር ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አሽራፍ ጋኒ በአርግ ቤተ መንግሥት፣ ተቀናቃኛቸው አብዱላህ አብዱላህ ደግሞ እዚያው አጠገብ ባለ ግቢ፣ እያንዳንዳቸው በደጋፊዎቻቸው ፊት የአፍጋኒስታን ፕሬዝዳንት መሆናቸውን አወጁ። ጋኒ ንግግር በማድረግ ላይ ሳሉ የሮኬት ፍንዳታ ተሰማ። ከታዳሚው አንዳንዱ ሊሸሽ ሲነሣ እርሳቸው ከመድረኩ አልተነቃነቁም፤ ኮታቸውን ገልጠው ጥይት መከላከያ እንዳልለበሱ አሳዩ። ከ17 ወራት በኋላ ታሊባን ካቡል ደጃፍ ሲደርስ ግን እኚሁ ሰው በሄሊኮፕተር አገር ጥለው ወጡ።

ስለ አፍጋኒስታን መሪዎች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው የስም ዝርዝር ነው፦ እገሌ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ገዛ፣ ቀጥሎ እገሌ መጣ። ዝርዝሩ ትክክል ቢሆንም የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ስከታተል የገባኝ ጥያቄውን ሳዞረው ነው። ማን ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ ሳይሆን፣ እንዴት ወጣ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አብዛኞቹ የወጡት በጥይት፣ በስደት ወይም በውርደት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለማየት ከፕሬዝዳንቶቹ በፊት ከነበረው አልጋ መጀመር ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ቤት አልጋ

በ1747 በካንዳሃር የተሰበሰቡ የፓሽቱን ነገድ አለቆች አሕመድ ሻህ ዱራኒን አነገሡ። የዛሬዋ አፍጋኒስታን መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ጉባኤ ነው። «ሎያ ጅርጋ» የሚባለው ታላቅ ጉባኤም ክብሩን የሚያገኘው ከዚሁ ትዝታ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ገዥ ሁሉ፣ ንጉሥም ሆነ ኮሚኒስት፣ ሥልጣኑን ሕጋዊ ማስመሰል ሲፈልግ ሎያ ጅርጋ ይጠራል። ጉባኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥልጣን የያዘውን ያጸድቃል እንጂ ማንንም ከሥልጣን አያወርድም።

ከ1747 እስከ 1978 ድረስ፣ በ1929 ከነበሩት ዘጠኝ ወራት በስተቀር፣ በካቡል የነገሡት ሁሉ ከዱራኒ ነገድ የተወለዱ ናቸው። አልጋው የአንድ ቤት መሆኑ የታወቀ ቢሆንም ከቤቱ ልጆች የትኛው እንደሚወርሰው የሚወስን ጽኑ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ወንድም ከወንድሙ፣ አጎት ከወንድሙ ልጅ ጋር ተዋጋ። የአርግን ቤተ መንግሥት ያሠሩት አሚር አብዱራህማን ኻን ከ1880 እስከ 1901 ባገሩ ሲገዙ ነገዶቹን ሁሉ በኃይል ቀጥቅጠው በአንድ ማዕከል ሥር አስገቡ። ይህን ያስቻላቸው በአብዛኛው የእንግሊዝ ጠመንጃና እንግሊዝ በየዓመቱ የምትሰጣቸው 1.2 ሚሊዮን ሩፒ ነው። ሠራዊት የሚቀለበው ከገበሬው ግብር ሳይሆን ከውጭ በመጣ ገንዘብ ከሆነ፣ ገዥው የሕዝቡን ፈቃድ የሚሻበት ምክንያት ይሳሳል። ይህ ነገር በመቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ልጃቸው ሐቢቡላህ ያለ ጦርነት ወረሱ፤ ለዚያ አገር ይህ ብርቅ ነው። በ1919 ግን ለአደን በወጡበት ድንኳን ውስጥ ተኝተው ሳለ በጥይት ተገደሉ። ተከታዩ አማኑላህ አገሪቱን ከእንግሊዝ ሞግዚትነት አላቀቁ፣ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1929 በአመፅ ተነቀሉና ቀሪ ዕድሜያቸውን በአውሮፓ በስደት ገፉ። ካባረሯቸው ወገኖች አልጋውን የወሰደው የውኃ ቀጂ ልጅ የሚባለው ታጂኩ ሐቢቡላህ ካላካኒ ነው፤ ዘጠኙ ወር የእርሱ ነው። ናድር ሻህ መጥተው አስገደሉት። ናድር ሻህን ደግሞ በ1933 በትምህርት ቤት የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ተማሪ ተኩሶ ገደላቸው። የ19 ዓመቱ ልጃቸው ዛሂር ሻህ ያን ቀን ነገሡ።

ያመለጠው አሥር ዓመት

ዛሂር ሻህ 40 ዓመት ነገሡ፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ዓመታት ግን በተግባር የገዙት አጎቶቻቸውና በኋላም የአጎታቸው ልጅ መሐመድ ዳውድ ኻን ናቸው። ዳውድ ከ1953 እስከ 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በሶቪየት ገንዘብ መንገድ ሠሩ፣ ወታደሩንም በሶቪየት መሣሪያ አስታጠቁ፤ መኮንኖችንም ለሥልጠና ወደዚያው ላኩ። ከፓኪስታን ጋር የገቡት የድንበር ግጭት ንግዱን ሲያደርቀው ሥልጣናቸውን ለቀው ቤታቸው ገቡ። በሰላም የወጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

ንጉሡ ጊዜው የኔ ነው አሉ። የ1964ቱ ሕገ መንግሥት የተመረጠ ፓርላማ አቋቋመ፤ በአንቀጽ 24 ደግሞ የንጉሣውያን ቤተሰብ አባል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሚኒስትር ወይም የፓርቲ አባል እንዳይሆን ከለከለ። አንቀጹ ያነጣጠረው በዳውድ ላይ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የአገሪቱ የኋላ መከራ ከተዘራባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ይመስለኛልና። ፓርላማው የፖለቲካ ፓርቲዎችን ሕጋዊ የሚያደርግ አዋጅ አጸደቀ። ንጉሡ ሳይፈርሙበት ቀረ። ዓመት ዓመትን ሲተካ አዋጁ እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀመጠ። በዚህም የተነሣ ምርጫ ነበረ፣ ፓርቲ ግን አልነበረም። ተመራጩ ሁሉ የራሱን መንደር ብቻ ይዞ መጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ድጋፍ የሚሰጣቸው የተደራጀ ወገን ስላልነበራቸው በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ተፈራረቁ። የተማረው ወጣት ግን መደራጀቱን አልተወም፤ በስውር ተደራጀ። በጃንዋሪ 1965 በኑር ሙሐመድ ታራኪ ቤት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን መሠረቱ። በካቡል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እስላማዊ ቡድኖች ተፈጠሩ። ከ1978 በኋላ እርስ በርስ የሚተላለቁት የሁለቱም ወገን መሪዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። በአደባባይ ተከራክረው፣ ተሸንፈው፣ ለሚቀጥለው ምርጫ መዘጋጀትን የሚማሩበት ቦታ አላገኙም።

በ1971 እና በ1972 ድርቅ ተከትሎት ረሃብ ገባ፤ መንግሥት ደካማ ሆኖ ታየ። ጁላይ 17 ቀን 1973 ንጉሡ ለሕክምና ጣሊያን ሄደው ሳለ ዳውድ በሶቪየት የሠለጠኑ መኮንኖችን ይዘው ቤተ መንግሥቱን ያዙ። ንጉሣዊው አገዛዝ ቀርቶ ሪፐብሊክ ታወጀ። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት የንጉሡ የአጎት ልጅና የእኅታቸው ባል ሆነ ማለት ነው። በሕግ የተዘጋባቸውን በር በታንክ ከፈቱት፤ ሌሎችም መንገዱን አዩ።

ኤፕሪል 1978 አንድ የታወቀ የግራ ክንፍ መሪ ተገደለ፤ በቀብሩ ላይ ብዙ ሕዝብ ወጣ፤ ዳውድ ደንግጠው የፓርቲውን መሪዎች ማሰር ጀመሩ። ኤፕሪል 27 ቀን የፓርቲው አባል የሆኑ መኮንኖች በታንክና በአውሮፕላን አርግን መቱ። ዳውድ በማግሥቱ ሲነጋ ከሚስት፣ ከልጆችና ከልጅ ልጆች ጋር ተገደሉ። የት እንደተቀበሩ ለ30 ዓመት አልታወቀም። በ2008 ከካቡል ወጣ ብሎ በፑሊ ቻርኺ አካባቢ ሁለት የጅምላ መቃብሮች ተገኙ። ከአንዱ አስከሬን ጋር ትንሽ የወርቅ ቁርዓን ነበረች፤ ዳውድ ከሳዑዲ ንጉሥ በስጦታ ያገኟት እንደነበረች ታወቀ። የጥርሳቸው ቅርጽም ተመሳከረ። በማርች 2009 የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት በክብር ተቀበሩ።

አንድ ፓርቲ፣ አራት መሪ

ሥልጣኑን የወሰደው ፓርቲ ገና ከጅምሩ ለሁለት የተከፈለ ነበር። «ኻልቅ» (ሕዝብ) የሚባለው አንጃ በታራኪና በሐፊዙላህ አሚን ይመራ ነበር፤ ተከታዮቹ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ የፓሽቱን ልጆች ናቸው። «ፓርቻም» (ሰንደቅ ዓላማ) የሚባለው የባብራክ ካርማል ሲሆን የከተሜው የተማረ ክፍል ነበር። ኻልቆች ፓርቻሞችን በወራት ውስጥ አስወገዱ፤ ካርማልን በአምባሳደርነት ወደ ፕራግ ላኩ። ቀጥሎ ኻልቆች እርስ በርስ ተበላሉ።

ሴፕቴምበር 1979 ታራኪ ከሐቫና የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ሲመለሱ በሞስኮ አልፈው ከሶቪየት መሪ ከብሬዥኔቭ ጋር ተነጋገሩ። ካቡል እንደደረሱ አሚንን ወደ ቤተ መንግሥት ጠሩ፤ ደጃፍ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ አሚን አመለጡ፤ ያን ዕለት ማታ እስረኛው ታራኪ ሆኑ። በኦክቶበር የጥበቃ መኮንኖች በትራስ አፍነው ገደሏቸው። የመንግሥቱ ጋዜጣ «ካቡል ታይምስ» ያወጣው ዜና ሟቹ በጽኑ ሕመም ማረፋቸውን የሚናገር አጭር ነገር ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ያው ጋዜጣ «ታላቁ መሪ» እያለ ፎቶግራፋቸውን ያትም ነበር።

አሚን የቆዩት 104 ቀን ነው። ሶቪየቶችን ጦር ላኩልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር፤ ጦሩም መጣ። ዲሴምበር 27 ቀን 1979 በታጅቤግ ቤተ መንግሥት በምሳ ግብዣ ላይ ምግባቸው በሶቪየት የስለላ ሰዎች ተመረዘ። ምስጢሩን የማያውቁ የሶቪየት ሐኪሞች ተጠርተው መጥተው ነፍሳቸውን መለሱላቸው። ማታ የሶቪየት ልዩ ጦር ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ገብቶ ገደላቸው። ካቡል ይህን ስትሰማ ካርማል አስቀድመው የቀረጹት ንግግር ከሶቪየት ምድር በሬዲዮ እየተላለፈ ነበር።

ካርማልን ያመጣቸው ሞስኮ ነው፤ በ1986 ያወረዳቸውም ሞስኮ ነው። ያለ ጥይት ወርደው በኋላ በስደት ሞቱ። የተተኩት የስለላ ድርጅቱ «ኻድ» አለቃ በነበሩት በዶክተር ናጂቡላህ ነው። ናጂቡላህ በእስር ቤቶቻቸው ለተሠቃዩ ሰዎች ጨካኝ ነበሩ፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። ፖለቲካ ግን ያውቁ ነበር። የፕሬዝዳንትነትን ማዕረግ መለሱ፣ «ብሔራዊ ዕርቅ» አወጁ፣ የማርክሲዝምን ቋንቋ አለዘቡ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1989 የመጨረሻው የሶቪየት ወታደር ሲወጣ በወራት ውስጥ ይወድቃሉ የተባሉት ሰው ሦስት ዓመት ቆሙ። የጣላቸው ጦርነት ሳይሆን የገንዘቡ መድረቅ ነው፦ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ስንዴውም፣ ነዳጁም፣ ለታጣቂዎች የሚከፈለውም ደመወዝ ቀረ። በማርች 1992 በተባበሩት መንግሥታት የሽግግር ዕቅድ መሠረት ሥልጣን እለቃለሁ ብለው አወጁ። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ የጦር አለቆቻቸው ለራሳቸው ዋስትና ፍለጋ ሮጡ። ናጂቡላህ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄዱ የገዛ አጋሮቻቸው ወታደሮች መለሷቸው። ከአራት ዓመት በላይ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ተሸሽገው ኖሩ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1996 ታሊባን ካቡል ሲገባ ከግቢው ጎትቶ አውጥቶ ገደላቸው፤ አስከሬናቸውን ከአርግ ደጃፍ በማይርቅ አደባባይ ሰቀለ።

በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ በመጡትም መሪዎች ልብ ውስጥ የቀረው ይህ ሥዕል ነው። ጋኒ በ2021 ሸሽተው ከወጡ በኋላ በሰጧቸው ማብራሪያዎች ደም መፋሰስን ለማስቀረት ብለው እንደወጡ ተናግረዋል። ሽሽታቸውን ማጽደቅ አይቻልም፤ ናጂቡላህን ሳያስታውሱ ግን መረዳትም አይቻልም።

ሁለት ወር፣ ከዚያ አራት ወር

ሶቪየቶችን የተዋጉት የሙጃሂዲን ቡድኖች በኤፕሪል 1992 በፔሻዋር ተስማሙ፦ ሲብጋቱላህ ሙጃዲዲ ለሁለት ወር፣ ቡርሃኑዲን ራባኒ ለአራት ወር ይመራሉ። ሙጃዲዲ ሁለት ወራቸው ሲያበቃ እያመነቱም ቢሆን አስረከቡ። ራባኒ አራት ወራቸው ሲያበቃ የራሳቸውን ጉባኤ ጠርተው አስረዘሙት። ሌላው የሙጃሂዲን መሪ ጉልቡዲን ሔክማትያር በ1993 ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ፤ ዋና ከተማዋን ግን ከደቡብ ኮረብታዎች በሮኬት መደብደባቸውን አላቆሙም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራውን ከተማ ይደበድብ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የካቡል ነዋሪዎች ያለቁት በሶቪየት ዘመን ሳይሆን በዚህ ጊዜ ነው።

ራባኒ ታጂክ ነበሩ፤ እንደ ካላካኒ ካቡልን የመሩ ፓሽቱን ያልሆኑ ሰው። በደቡብ በ1994 የተነሣው ታሊባን የፓሽቱን እንቅስቃሴ መሆኑ ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። በ1996 መሪው ሙላህ ኦማር በካንዳሃር የነቢዩ ነው የሚባለውን ካባ በሕዝብ ፊት ለብሰው «የምእመናን አዛዥ» ተባሉ። ፕሬዝዳንት መባልን አልፈለጉም፤ ካቡልንም ከሞላ ጎደል አልረገጧትም። ታሊባንን ያወቁት ፓኪስታን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ብቻ ናቸው፤ የአገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት ወንበር በራባኒ እጅ ቆየ። ራባኒም ቢሆኑ በመጨረሻ በ2011 የሰላም ምክር ቤቱን ሲመሩ፣ መልእክት ይዤ መጣሁ ባለ ሰው ጥምጥም ውስጥ በተደበቀ ቦምብ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ።

ሁሉን የሚሾም ፕሬዝዳንት

የአሜሪካ ጣልቃ ገብነት ታሊባንን ከካቡል ካስወጣ በኋላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2001 በጀርመን ቦን የተሰበሰቡ አፍጋኖች ሐሚድ ካርዛይን የሽግግር መሪ አድርገው መረጡ። እርሳቸው ያን ቀን ካንዳሃር አጠገብ ጦር ሜዳ ነበሩ፤ በስሕተት በተጣለ የአሜሪካ ቦምብ ሊሞቱም ለጥቂት ተረፉ። በኤፕሪል 2002 የ87 ዓመቱ ዛሂር ሻህ ከጣሊያን ተመለሱ። በጁን 2002 በተጠራው ሎያ ጅርጋ ብዙ ተወካዮች ርዕሰ ብሔር እንዲሆኑ ይፈልጓቸው ነበር፤ በአሜሪካኖችም ግፊት ዕጩ እንዳልሆኑ ተነገረ። «የአገር አባት» የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው።

የ2004ቱ ሕገ መንግሥት ለአንድ ሰው ከመጠን ያለፈ ሥልጣን ሰጠ። ፕሬዝዳንቱ ሚኒስትሮችን ብቻ ሳይሆን የ34ቱን አውራጃዎች ገዥዎች፣ ከዚያም በታች የወረዳ አስተዳዳሪዎችንና የፖሊስ አዛዦችን ይሾማል፤ ከላይኛው ምክር ቤት አንድ ሦስተኛውን ራሱ ይመርጣል። ፓሽቱን፣ ታጂክ፣ ሀዛራ፣ ኡዝቤክና ሌሎችም በሚኖሩበት አገር ምርጫ የተሸነፈ ሁሉን ያጣል፤ ያሸነፈ ሁሉን ያገኛል። ከዚህ በላይ፣ በሪፐብሊኩ የመጨረሻ ዓመታት ከመንግሥት ወጪ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚሸፍነው የለጋሾች ገንዘብ ነበር። የአሚር አብዱራህማን ሩፒ በዶላር ተተክቶ ተመለሰ።

ውጤቱ በምርጫዎቹ ላይ ታየ። በ2004 ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ካርዛይ በ55 በመቶ አሸነፉ። በ2009 የተጭበረበረ ድምፅ ሲሰረዝ ከግማሽ በታች ወረዱ፤ አብዱላህ ከሁለተኛው ዙር ራሳቸውን ስላገለሉ ብቻ ቀጠሉ። በ2014 ስምንት ሚሊዮን ያህል የድምፅ ወረቀት እንደገና ተመርምሮ ጋኒ አሸናፊ ሲባሉ ድምፁ ስንት እንደሆነ አብሮ አልተነገረም። አብዱላህ በሕገ መንግሥቱ የሌለ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚባል ወንበር ተሰጣቸው። በ2019 የተቆጠረው ድምፅ 1.8 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሁለቱ ቃለ መሐላዎች መጡ።

የሆነው ሆኖ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2014 አንድ ነገር ተፈጽሟል። ካርዛይ በሕግ የተወሰነላቸው ሁለት ዘመን ሲያበቃ ሥልጣኑን ለተመራጭ ተተኪ አስረክበው በእግራቸው ወጡ፤ ከአርግ ሳይርቁ በዚያው ከተማ መኖር ጀመሩ። ስለ ካርዛይ ዘመን ሙስና ብዙ ማለት ይቻላል። ይህን ግን ከእርሳቸው በፊት በዚህ መልክ ያደረገ የለም፤ ታሊባን በኦገስት 2021 ሲገባም ከሴቶች ልጆቻቸው ጋር በካቡል ቀሩ።

የካንዳሃር አሚር

የአሜሪካና የታሊባን ስምምነት በፌብሩዋሪ 2020 በዶሃ ሲፈረም የካቡል መንግሥት በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አሜሪካኖች መውጫ ቀናቸውን ሲናገሩ በ1992 የሆነው ተደገመ፦ የጦር አለቆችና የአውራጃ ሹሞች ሳይዋጉ እየተስማሙ እጅ ሰጡ፤ ኦገስት 15 ቀን 2021 ሪፐብሊኩ አበቃ።

ዛሬ አፍጋኒስታን ፕሬዝዳንት የላትም። በካቡል ጠቅላይ ሚኒስትርና ሚኒስትሮች አሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከ2016 ጀምሮ ታሊባንን የሚመሩት የሒባቱላህ አኹንዛዳ ነው። ተቀማጭነታቸው ካንዳሃር ነው፤ ፊታቸው በአደባባይ አይታይም ማለት ይቻላል። ማርች 23 ቀን 2022 የትምህርት ሚኒስቴሩ የሴቶችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እከፍታለሁ ብሎ ነበር። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ክፍል ገቡ። በሰዓታት ውስጥ ከላይ ትእዛዝ መጣና ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ ሲያለቅሱ የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ዞረ። ሚኒስትር መሆንና መወሰን የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ያች ጠዋት ትበቃለች። በጁላይ 2025 ሩሲያ ይህን መንግሥት በይፋ በማወቅ የመጀመሪያዋ ሆናለች።

የአሚሩ ዘመን ገደብ የለውም፤ ምርጫ ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2021 ፈርሷል። አሚር ሲሞት ተተኪውን የሚመርጡት ጥቂት የሃይማኖት ሊቃውንትና አዛዦች በዝግ ቤት ተሰብስበው ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው ሲነገረው ነው። ሙላህ ኦማር የሞቱት በኤፕሪል 2013 ነው። በጁላይ 2015 ግን የዒድ በዓል መልእክት በስማቸው ወጥቶ ተነቧል፤ ተዋጊዎቻቸውም በሕይወት ያሉ መስሏቸው ሰምተውታል። ሞታቸው የተነገረው ከዚያ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ ነው።